ራስበሪ ፓይ 4ን ለመጀመሪያ ጊዜ ማስነሳት፦ ቀይ መብራት ብቻ በርቶ ቀረ

የማታ ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። ራስበሪ ፓይ 4 የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ባለ 4 ጊጋባይት ሚሞሪው ቦርድ፣ ደርሶኛል። የደረሰኝ ቦርዱ ብቻ ነው፤ ቻርጀርም ሆነ ሚሞሪ ካርድ አብሮት አልነበረም። ሐሳቤ በመጀመሪያ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር፣ ቀጥሎም የአንድን ክፍል ሙቀት ቀንና ሌሊት እየለካ የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ መሥራት ነው። ቦርዱ የሚሠራበትን ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ሊኑክስን፣ ተጠቅሜ አላውቅም፤ የምሠራበት ላፕቶፕ ዊንዶውስ ነው።

ትናንት ማታ በስልኬ ቻርጀር ሰካሁት። ቀይ መብራት በራ፤ ከዚያ በኋላ ግን የተከተለ ነገር የለም። የቴሌቪዥኔ ኤችዲኤምአይ ገመድ ቦርዱ ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር ስለማይገጥም በስክሪን ማየትም አልቻልኩም። ቦርዱ ተበላሽቶ ነው የመጣው ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ? በእጄ ያለው ከአሮጌ ስልክ ያወጣሁት ባለ 32 ጊጋባይት ካርድ፣ ካርድ ሪደር፣ ኪቦርድና ማውስ ነው።

ብረትና ሽቦ

እንኳን ደህና መጡ። ከነገሩን ውስጥ ቦርዱ ተበላሽቷል የሚያሰኝ ነገር አላገኘሁም። ቀዩ መብራት የሚናገረው ኤሌክትሪክ መግባቱን ብቻ ነው። ሥራ መኖሩን የሚያሳየው አጠገቡ ያለው አረንጓዴ መብራት ሲሆን፣ እሱም ብልጭ ድርግም የሚለው ካርዱ ሲነበብ ወይም ሲጻፍበት ነው። ላፕቶፕ ሲገዛ ዲስኩም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም በውስጡ ናቸው፤ ይህ ቦርድ ግን የራሱ ዲስክ የለውም። በላዩ ላይ ያለችው ትንሽ ቺፕ የያዘችው ካርዱን ፈልጎ በውስጡ ያለውን የሚያስነሳ አጭር ፕሮግራም ብቻ ነው። ካርድ ካልገባበት የሚያስነሳው ነገር የለም።

ወደ ካርዱ ከመሄዳችን በፊት ስለ ኤሌክትሪኩ ረዘም አድርጌ እንድጽፍ ይፍቀዱልኝ፤ ብዙ ጀማሪዎች ቦርዱን ወይም ራሳቸውን እየወቀሱ ቀናት የሚያባክኑት በዚህ የተነሣ መሆኑን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ፓይ 4 የሚፈልገው በ5 ቮልት እስከ 3 አምፔር መስጠት የሚችል የዩኤስቢ ሲ ቻርጀር ነው። በፈጣን የስልክ ቻርጀሮች ላይ በጉልህ የሚጻፈው የዋት መጠን ለዚህ አይጠቅምዎትም። ያ ኃይል የሚገኘው ስልኩና ቻርጀሩ ተግባብተው ቮልቴጁን ወደ 9 ወይም ከዚያ በላይ ሲያሳድጉት ነው፤ ፓይ 4 ግን ከቻርጀሩ ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት ስለማያደርግ የሚያገኘው 5 ቮልቱን ብቻ ነው። ስለዚህ በቻርጀሩ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ከተጻፉት መካከል «5 ቮልት» የሚለውን ፈልገው ከጎኑ ያለውን የአምፔር ቁጥር ያንብቡ። 2 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቦርዱ ሊነሣ ይችላል፤ ሥራ ሲበዛበት ግን ያጥረዋል።

ገመዱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቀጭንና ረጅም ገመድ ከቻርጀሩ የወጣውን ቮልቴጅ ቦርዱ ዘንድ ሳይደርስ ይቀንሰዋል፤ የራሱ የራስበሪ ፓይ ቻርጀር 5.1 ቮልት እንዲሰጥ የተደረገውም ይህን ኪሳራ ለማካካስ ነው። ወደ ቦርዱ የሚገባው ቮልቴጅ ከ4.63 ገደማ በታች ሲወርድ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስክሪን ከተገናኘም በላይኛው ጥግ የመብረቅ ምልክት ይወጣል። የኃይል ማነስ ክፋቱ ኃይል ማነስ መስሎ አለመታየቱ ነው። ዋይፋዩ ይቋረጣል፣ ማውሱ ይጠፋና ይመለሳል፣ ፕሮግራሙ ይቆማል፤ ሰውየው ግን ኃጢአቱን በጻፈው ኮድ ላይ ይፈልጋል። ካርዱ ላይ በሚጻፍበት ቅጽበት ኃይሉ ከተናጋ ደግሞ ፋይሎች ይበላሻሉ፤ በማግስቱ ቦርዱ አልነሣም ይላል።

ለስክሪኑ የሚያስፈልግዎት አንደኛው ጫፉ ማይክሮ ኤችዲኤምአይ የሆነ ገመድ ነው። ቀዳዳዎቹ ሁለት ናቸው፤ ለኤሌክትሪኩ መሰኪያ ቅርብ በሆነው ይጀምሩ።

ካርዱን ለማዘጋጀት ራስበሪ ፓይ ኢሜጀር የተባለውን ፕሮግራም ከድርጅቱ ድረ ገጽ አውርደው በላፕቶፕዎ ላይ ይጫኑ። የቦርድዎን ዓይነት፣ ቀጥሎ ባለ 64 ቢቱን ራስበሪ ፓይ ኦኤስ፣ ቀጥሎ ካርዱን ይመርጣሉ። ከመጻፉ በፊት ቅንብሮችን ያስገቡ እንደሆነ ይጠይቅዎታል፤ ይህን አይዝለሉት። የቦርዱን ስም፣ የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃል፣ የዋይፋዩን ስምና ቁልፍ፣ የሚኖሩበትን አገር እዚያው ይሙሉ፤ ኤስኤስኤች የሚለውንም ያብሩ። ይህ ከላፕቶፕዎ በኔትወርክ ወደ ቦርዱ ገብተው በጽሑፍ የሚያዙበት መንገድ ነው፤ የስክሪኑ ገመድ ስለሌለዎት ከመጀመሪያው ቀን ያለ ስክሪን በእሱ መግባት ይችላሉ። አሮጌ መመሪያዎች ላይ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ «ፓይ» የሚባል ተጠቃሚና የታወቀ የይለፍ ቃል እንዳለ ተጽፎ ያገኛሉ። ያ አሠራር በፈረንጆች አቆጣጠር ከሚያዝያ 2022 ወዲህ ቀርቷል፤ አሁን የተጠቃሚውን ስም የሚሰጡት እርስዎ ነዎት።

የማታ ተማሪ

እጅግ አመሰግናለሁ። ቻርጀሬን አየሁት፤ 5 ቮልት፣ 2 አምፔር ይላል። ሌላ እስካገኝ ድረስ ለሙከራ በእሱ ቀጥያለሁ።

ካርዱን እንደነገሩኝ ጻፍኩት፤ ማረጋገጫውም ያለ ስሕተት ተጠናቀቀ። ከዚያ ካርዱን ነቅዬ፣ የተጻፈውን ለማየት ፈልጌ እንደገና ላፕቶፑ ላይ ስሰካው ዊንዶውስ «ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብህ» የሚል መልእክት አወጣ። የሚገባው መስሎኝ እሺ አልኩት። አሁን ቦርዱ ላይ ሳስገባው አረንጓዴው መብራት ለጥቂት ጊዜ ብልጭ ይልና ያቆማል። ጥፋቱ የእኔ ይሆን?

ንጋት

መልእክቱ የተጻፈበት መንገድ ማንንም ያሳስታል፤ የተጎዳም ዕቃ የለም። የሆነው እንዲህ ነው። ኢሜጀሩ ካርዱን በሁለት ክፍል ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ትንሽ ክፍል ዊንዶውስ ማንበብ በሚችለው ፋት 32 በተባለው አደራደር የተዘጋጀ ሲሆን፣ ቦርዱ ሲነሣ የሚፈልጋቸው ጥቂት ፋይሎች ያሉት በእሱ ውስጥ ነው። ሁለተኛውና ትልቁ ክፍል ኢኤክስቲ 4 የሚባለው የሊኑክስ አደራደር ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙና የእርስዎ ፋይሎች በሙሉ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ዊንዶውስ ይህን ሁለተኛ ክፍል ማንበብ ስለማይችል ባዶና ያልተዘጋጀ ነው ብሎ ይገምታል፤ ላዘጋጀው ወይ ብሎም ይጠይቃል። እሺ ሲሉት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን አጠፋው። ቦርዱ የመጀመሪያውን ክፍል አንብቦ መነሣት ይጀምራል፤ ሁለተኛውን ሲፈልግ ያጣውና ይቆማል። መብራቱ ጥቂት ብልጭ ብሎ ያቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ካርዱን በኢሜጀሩ እንደገና ይጻፉት። መልእክቱ ዳግመኛ ሲመጣ «ይቅር» የሚለውን ይጫኑ። ካርዱን ላፕቶፑ ላይ በሰኩ ቁጥር ይመጣል፤ በመጣም ቁጥር ይቅር ይበሉት።

የመጀመሪያው መነሣት ከሌላው ጊዜ እንደሚረዝምም ልብ ይበሉ። ስርዓቱ ራሱን ወደ ካርዱ ሙሉ ስፋት ይዘረጋል፤ እርስዎ የሞሉትንም ቅንብር ያስገባል፤ በመካከል አንድ ጊዜ ራሱን አጥፍቶ ሊነሣ ይችላል። በትንሹ አምስት ደቂቃ ሳይነኩ ይጠብቁት።

ሦስተኛው ፎቅ

ከላይ ብረትና ሽቦ በጻፉት አብዛኛው እስማማለሁ። ጀማሪ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ያለ ስክሪን፣ በኤስኤስኤች ብቻ እንዲገባ መምከርን ግን አልደግፍም። ያለ ስክሪን የሚሠራ ሰው ቦርዱ ካልተገኘለት ምክንያቱን የሚያይበት መንገድ የለውም። ካርዱ አልተነበበ ይሆናል፣ የዋይፋዩ ቁልፍ ተሳስቶ ይሆናል፣ ቦርዱ ተነሥቶ ላፕቶፑ ስሙን አላገኘው ይሆናል፤ ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ስክሪን ያለው ሰው ግን ባለ ብዙ ቀለሙን ካሬ ካየ ቦርዱ የካርዱን የመጀመሪያ ፋይሎች እንዳገኘ፣ በዚያው ላይ ተገትሮ ከቀረ ደግሞ ቀጣዩን መጫን እንዳቃተው ያውቃል። ፓይ 4 ካርድ ሳይኖረው እንኳ ስክሪን ከተገናኘለት ምን እየፈለገ እንደሆነ በጽሑፍ ያሳያል። ስለዚህ ያቺን ገመድ እስኪያገኙ ቢጠብቁ ይሻላል እላለሁ።

ብረትና ሽቦ

ሦስተኛው ፎቅ ያነሡት ትክክል ነው፤ ገመዱ በእጅ ካለ በስክሪን መጀመር ይቀላል። ያለ ስክሪን የሚለውን ያመጣሁት ጠያቂው ገመዱ እንደሌላቸው ስለነገሩን ነው። መጨረሻ ላይ የሚፈልጉት መሣሪያም በአንድ ጥግ ተቀምጦ ሙቀት የሚመዘግብ በመሆኑ፣ ከሩቅ መግባትን ዛሬም ባይሆን ነገ መልመዳቸው አይቀርም።

ቀለም ቀንድ

ጥያቄውን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሰው። ሥራው ሙቀት መመዝገብ ብቻ ከሆነ ፓይ 4 ለምን አስፈለገ? በጥር 2021 የወጣው ፓይ ፒኮ ከዚህ እጅግ የረከሰ ነው፤ ካርድ አይፈልግም፤ ኤሌክትሪኩን ቢነቅሉበትም የሚበላሽ ፋይል የለውም። ሙሉ ኮምፒውተር የግድ ከሆነም በጥቅምት 2021 የወጣው ዜሮ 2 ደብልዩ ባለ 512 ሜጋባይት ቢሆንም ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ኦሬንጅ ፓይን የመሰሉ የሌሎች አምራቾች ቦርዶችም አሉ፤ በተመሳሳይ ዋጋ የበለጠ ሚሞሪ የሚሰጡ ብዙ ናቸው።

ንጋት

ስለ ፒኮ የተባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ፒኮ ማይክሮኮንትሮለር እንጂ ኮምፒውተር አለመሆኑ ለጀማሪ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ኦፐሬቲንግ ሲስተም የለውም፤ ኪቦርድና ስክሪን ሰክተው አይቀመጡበትም፤ ፕሮግራሙን በሌላ ኮምፒውተር ጽፈው ይጭኑበታል። ጠያቂው ደግሞ መጀመሪያ ያሉት ፓይተን መማር ነው፤ ለዚያ በእጃቸው ያለው ቦርድ ይበልጣል።

የሌሎች አምራቾችን ቦርዶች በተመለከተ፣ በወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከፓይ ይበልጣል። ጀማሪው የሚቸገረው ግን በፕሮሰሰሩ ፍጥነት አይደለም። የገጠመውን ስሕተት ፈልጎ መልስ ሲያጣ፣ አምራቹ ያወጣው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከሁለት ዓመት በፊት የተተወ ሆኖ ሲያገኘው ነው የሚቸገረው። የመጀመሪያው ፓይ ለሽያጭ የቀረበው በፈረንጆች አቆጣጠር የካቲት 29 ቀን 2012 ነበር፤ 256 ሜጋባይት ሚሞሪ ብቻ ነበረው። ሐሳቡ የመጣው በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ለኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት የሚያመለክቱ ወጣቶች ፕሮግራም የመጻፍ ልምዳቸው እያነሰ መምጣቱን ካስተዋሉ ሰዎች ነው። ከዚያ ወዲህ የተጠራቀመው መመሪያና መልስ ለጀማሪ ከሚሞሪ መጠን የሚበልጥ ሀብት ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለተኛ ቦርድ ሲገዙ የፈለጉትን ይምረጡ፤ በመጀመሪያው ግን ብዙ ሰው የሄደበትን መንገድ ይከተሉ።

የማታ ተማሪ

ካርዱን እንደገና ጻፍኩት፤ መልእክቱ ሲመጣም ይቅር አልኩት። አረንጓዴው መብራት ለረጅም ጊዜ ብልጭ ድርግም ሲል ቆየ። አሁን ከላፕቶፑ በኤስኤስኤች ለመግባት እየሞከርኩ ነው። ስሙን አገኘው፤ «ይህን ኮምፒውተር አላውቀውም፣ ልቀጥል?» የሚል ጠየቀኝ። አዎን ካልኩ በኋላ የይለፍ ቃል ጠየቀ፤ ነገር ግን ኪቦርዱን ስነካ ምንም ፊደል አይጻፍም። ተደናቅፎ ነው?

ንጋት

አልተደናቀፈም። ሊኑክስ የይለፍ ቃል ሲቀበል ኮከብም ነጥብም አያሳይም፤ እርስዎ የሚተይቡት ግን እየገባ ነው። ሳያዩ ጽፈው ጨርሰው ኢንተር ይጫኑ።

የማታ ተማሪ

ገባሁ! ፓይተንም ተነሣልኝ፤ ሁለት ቁጥር ደምሬ አየሁ።

ብረትና ሽቦ

ደስ ብሎኛል። ከዚህ ቀጥሎ ሁለት ነገር ወዲያው ይልመዱ። ትእዛዞቹን በፊደላችን የምጽፈው ለንባብ እንዲቀል ነው፤ ሲተይቡ ሁሉንም በትንንሽ የላቲን ፊደላት ይጻፉ።

የመጀመሪያው ማደስ ነው። «ሱዶ አፕት አፕዴት» የሚለው ትእዛዝ ምን አዲስ ነገር እንዳለ ዝርዝሩን ያመጣል፤ ራሱ የሚጭነው ነገር የለም። የሚጭነው ቀጥሎ የሚሰጡት «ሱዶ አፕት ፉል አፕግሬድ» ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት በሰረዝ ተያይዘው ይጻፋሉ። «ሱዶ» ማለት ይህን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ፈጽምልኝ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከማያውቁት ገጽ የቀዱትን ትእዛዝ በሱዶ ከመፈጸምዎ በፊት ምን እንደሚያደርግ ይጠይቁ።

ሁለተኛው አጠፋፍ ነው። ፓይ 4 ማጥፊያ ቁልፍ የለውም፤ ቁልፉ የመጣው በ2023 ከወጣው ፓይ 5 ጋር ነው። ሰው ሁሉ ገመዱን መንቀል የሚቀናው በዚህ ምክንያት ነው። እባክዎ እንዲህ አያድርጉ። «ሱዶ ፓወርኦፍ» ብለው ያዝዙ፤ አረንጓዴው መብራት ብልጭታውን ሙሉ በሙሉ ሲያቆም ገመዱን ይንቀሉ። ቀዩ መብራት በርቶ ይቀራል፤ ኤሌክትሪክ ስላለ ነው እንጂ ስርዓቱ ስላልጠፋ አይደለም።

የማታ ተማሪ

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመልሻለሁ፤ የምጽፈው በትንሽ ሐዘን ነው። ብረትና ሽቦ የነገሩኝን አንብቤ ነበር። ሆኖም አንድ ምሽት ፓይተኑ አልመልስ ሲለኝ ገመዱን ነቀልኩት፤ ከዚያ ወዲህ ቦርዱ አልተነሣም። ማይክሮ ኤችዲኤምአዩን ገመድ አግኝቼ ስመለከት ስክሪኑ ላይ ረጅም የስሕተት ጽሑፍ ይወርድና ይቆማል። በዘጠኙ ቀናት የጻፍኳቸው መለማመጃዎች ሁሉ በካርዱ ውስጥ ናቸው።

ዝምታ

ፋይሎቹ ጠፍተዋል ብለው ገና አይደምድሙ። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በዚያች ቅጽበት ይጻፍ የነበረው ነው እንጂ ካርዱ በሙሉ አይደለም። በዚያ ካርድ ላይ ምንም አይጻፉበት። ሌላ አዲስ ካርድ ያዘጋጁና ቦርዱን በእሱ ያስነሡት፤ ከዚያ የተበላሸውን ካርድ በካርድ ሪደር አድርገው በቦርዱ ዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ይሰኩት። አሁን የሚያነበው ሊኑክስ ስለሆነ ሁለተኛውን ክፍል ይከፍተዋል። «ሆም» በሚለው ፎልደር ውስጥ በተጠቃሚ ስምዎ የተሰየመ ፎልደር ያገኛሉ፤ ሥራዎ ያለው እዚያ ነው። መጀመሪያ ገልብጠው ያውጡ፤ የመጠገኑ ነገር ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

አዲሱን ካርድ ሲመርጡ በላዩ «ኤ 1» የሚል ምልክት ያለበትን ይፈልጉ፤ ትንንሽ ፋይሎችን በተበታተነ ሁኔታ ማንበብና መጻፍ ላይ የተወሰነ ፍጥነት እንዳለው ይመሰክራል፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚያደርገውም ያንን ነው። ከአሮጌ ስልክ የወጣ ካርድ ዓመታት የተጻፈበትና የተደለዘበት ስለሆነ ለልምምድ እንጂ ለዘላቂ ሥራ አልመክረውም። በላያቸው ከተጻፈው መጠን በታች የሚይዙ አስመሳይ ካርዶችም አሉ፤ አዲሱን ካርድ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ሙሉ በሙሉ ጽፎ መልሶ በሚያነብ መፈተሻ ቢያዩት ኋላ ከብዙ ድካም ይድናሉ።

የማታ ተማሪ

አምላክ ይስጥልኝ፤ ከአንዲት ፋይል በቀር ሁሉንም አወጣኋቸው። ቻርጀሩንም ባለ 3 አምፔር አድርጌዋለሁ። አሁን የቀረኝ አንድ ጭንቀት ነው። አዲሱን ካርድ አስገብቼ ከላፕቶፑ በኤስኤስኤች ልገባ ስል በትልልቅ ፊደል «የሩቁ ኮምፒውተር ማንነት ተለውጧል፤ አንድ ሰው በመካከል ገብቶ ሊሆን ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ዘጋብኝ። ገብቶብኝ ይሆን?

ንጋት

ማንም አልገባብዎትም። እያንዳንዱ አዲስ የተጻፈ ስርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ የራሱን መለያ ቁልፍ ይፈጥራል። በመጀመሪያው ቀን አዎን ሲሉ ላፕቶፕዎ የአሮጌውን ካርድ ቁልፍ ከቦርዱ ስም ጋር መዝግቦት ነበር። አሁን በዚያው ስም ሌላ ቁልፍ ይዞ የመጣ ስላየ ጠረጠረ፤ መጠርጠሩም ደግ ነው። በላፕቶፑ የተጠቃሚ ፎልደር ውስጥ «ነጥብ ኤስኤስኤች» የሚባል ፎልደር አለ፤ «ኖውን ሆስትስ» የተባለውን ፋይል በጽሑፍ ማረሚያ ከፍተው የቦርዱ ስም ያለባቸውን መስመሮች ያጥፉ። ካርድ ሳይለውጡ ይህ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ግን ምክንያቱን ሳያውቁ አይለፉት።

የማታ ተማሪ

ተስተካከለ። አሁን ወደ ሙቀት መለኪያው ልሄድ ነው። በቦርዱ ጎን ያሉት 40 ፒኖች ግን ያስፈሩኛል። ምን ካደረግሁ ነው የማቃጥለው?

ብረትና ሽቦ

መፍራትዎ ተገቢ ነው፤ ሲጠነቀቁለት ግን የሚያስቸግር አይደለም። ፒኖቹ የሚሠሩት በ3.3 ቮልት ነው፤ 5 ቮልት ወደ አንዱ የመቀበያ ፒን ከገባ ፕሮሰሰሩን ሊገድለው ይችላል፤ የሚጠብቀውም ነገር የለም። አደጋው የሚብሰው 5 ቮልት የሚሰጡት 2ኛውና 4ኛው ፒን ከሌሎቹ አጠገብ በመሆናቸው ነው። ሽቦ የሚያገናኙት ቦርዱ ጠፍቶ፣ ገመዱ ተነቅሎ ይሁን።

ቁጥሩም ያምታታል። አንድ ፒን ሁለት ቁጥር አለው፤ አንደኛው የተቀመጠበት ተራ ነው፣ ሌላው ፕሮሰሰሩ የሚያውቀው የጂፒአይኦ ቁጥር ነው። ለምሳሌ ጂፒአይኦ 17 ያለው በተራ 11ኛው ፒን ላይ ነው። በፓይተን «ጂፒአይኦ ዜሮ» በተባለው ላይብረሪ 17 ብለው ሲጽፉ ሽቦው በ17ኛው ፒን ላይ ከሆነ ምንም አይሠራም፤ 17ኛው የ3.3 ቮልት መስጫ ነውና። ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ «ፒንአውት» ብለው ቢያዝዙ የቦርድዎን ሥዕል ከነቁጥሩ ያሳይዎታል።

ከሙቀቱ በፊት አንዲት ኤልኢዲ አምፖል አብርተው ያጥፉ። ረጅሙን እግር በ330 ኦም ሬዚስተር በኩል ከ11ኛው ፒን፣ አጭሩን ከ9ኛው ጋር ያገናኙ፤ 9ኛው ግራውንድ፣ ማለትም የኤሌክትሪኩ መመለሻ ነው። ሬዚስተሩን አይተዉት፤ ከአንድ ፒን የሚወሰደው ፍሰት ከ16 ሚሊአምፔር መብለጥ የለበትም።

ለሙቀቱ ዲኤስ 18 ቢ 20 የተባለውን መለኪያ እመክራለሁ። ፓይ አናሎግ መቀበያ ስለሌለው ቮልቴጅ ብቻ የሚሰጡ መለኪያዎች ተጨማሪ ቺፕ ይፈልጋሉ፤ ይህኛው ግን ቁጥሩን ራሱ በዲጂታል ይልካል። ሦስት ሽቦ አለው፦ ኃይሉ ወደ 1ኛው ፒን፣ ግራውንዱ ወደ 9ኛው፣ መረጃው ወደ 7ኛው። በመረጃውና በኃይሉ ሽቦ መካከል የ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይገባል። የሽቦዎቹ ቀለም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ከዕቃው ጋር የመጣውን ወረቀት ይመኑ። ከዚያ «ሱዶ ራስፒ ኮንፊግ» በሚለው መስኮት ዋን ዋየር የሚለውን (መለኪያው ከቦርዱ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ) አብርተው ቦርዱን እንደገና ያስነሡት፤ በራስፒና በኮንፊግ መካከልም ሰረዝ አለ። መለኪያው በ28 የሚጀምር ስም ያለው ፎልደር ሆኖ ይታያል። በውስጡ ያለው ቁጥር በሺህ የተባዛ ዲግሪ ነው፤ 23125 ካለ 23.125 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለት ነው። ድንገት 85 ዲግሪ ቢያሳይዎት ክፍሉ ተቃጥሎ አይደለም፤ መለኪያው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ፣ ገና ሳይለካ የሚይዘው የመነሻ ቁጥር ስለሆነ ሽቦው ላልቶ ኃይሉ እየተቋረጠበት እንደሆነ ይመርምሩ።

የማታ ተማሪ

ሠራ። አምፖሉም በርቷል፤ መለኪያውም በየአምስት ደቂቃው እየመዘገበ ነው። ሁለት ነገር ግን አልገባኝም። አንደኛ፣ ቁጥሩ በግድግዳው ላይ ካለው ቴርሞሜትር በአራት ዲግሪ ገደማ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ትናንት ሌሊት ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ተመልሶ ነበር፤ በመዝገቡ ላይ ከተመለሰበት በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ኤሌክትሪኩ ከመጥፋቱ በፊት የነበረውን ሰዓት ይዘዋል፤ ከዚያ በድንገት ወደ ትክክለኛው ሰዓት ይዘላሉ።

ዝምታ

የመጀመሪያው፣ መለኪያው የት ነው የተቀመጠው? ከቦርዱ አጠገብ ከሆነ እየለኩ ያሉት የቦርዱን ሙቀት ነው። ፓይ 4 ይሞቃል፤ ፕሮሰሰሩ ወደ 80 ዲግሪ ሲጠጋ ፍጥነቱን መቀነስ እስኪጀምር ድረስ ሊግል ይችላል። ሽቦውን አስረዝመው መለኪያውን ቢያንስ አንድ ሜትር ያርቁት፤ ከቦርዱ በላይም አይስቀሉት፣ የጋለ አየር ወደ ላይ ይወጣልና።

ሁለተኛው፣ ፓይ 4 ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ሰዓት የሚቆጥርለት ባትሪና ቺፕ የለውም። ሲነሣ ቀድሞ ካስቀመጠው የመጨረሻ ሰዓት ይጀምራል፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ደግሞ ይታረማል። በመካከል የጻፉት ሁሉ የተሳሳተ ሰዓት ይይዛል። ኢንተርኔት ሁልጊዜ የሚያገኙ ከሆነ ፕሮግራምዎ ሰዓቱ እስኪታረም ድረስ እንዲጠብቅ ያድርጉት፤ «ታይምዴትሲቲኤል» የሚለው ትእዛዝ ሰዓቱ መታረም አለመታረሙን ይነግረዋል። ኢንተርኔት በማይደርስበት ቦታ ሊያስቀምጡት ካሰቡ ዲኤስ 3231 የተባለውን ባለ ባትሪ የሰዓት ቺፕ ይጨምሩበት። ፓይ 5 የሰዓት ቺፕ በራሱ ላይ አለው፤ ባትሪውን ግን ለብቻ መግጠም ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ፎቅ

ኤሌክትሪክ የሚቋረጥ ከሆነ ካርዱንም ያስቡለት። ልኬቱን በየጊዜው በሌላ ኮምፒውተር ላይም እንዲቀዳ ቢያደርጉት፣ ካርዱ ቢበላሽ የሚያጡት የጥቂት ሰዓት መዝገብ ብቻ ይሆናል።

የማታ ተማሪ

መለኪያው በእርግጥ በቦርዱ ሳጥን ላይ ተደግፎ ነበር። ወደ ክፍሉ ሌላ ጎን ወስጄው ልዩነቱ ከግማሽ ዲግሪ በታች ሆኗል። ፕሮግራሙም አሁን ሰዓቱ እስኪታረም ይጠብቃል፤ መጀመሪያ በፓወርኦፍ አጥፍቼ፣ ከዚያ ገመዱን ነቅዬ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቼ እንደገና በመሰካት ሞከርኩት፤ መዝገቡ ላይ ክፍተት አለ እንጂ የተሳሳተ ሰዓት የለም። ወደ ላፕቶፑ የመቅዳቱን ሥራ ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።